በጎን የታየ ፊት

ቦሎኛ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአምሐ፣

ሰላምታዬ ከደጃፍህ ገብቶ፣ ዝማሬንና ልጆቹን ስሞ፣ የቀለም ጠርሙሶችህ አጠገብ ይቀመጥልኝ። እኔና ቤቴል ደህና ነን። ልጄ ዐሥራ ሁለት ዓመቷን ይዛለች። ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ነው። አማርኛዋ ግን እዚያው ቀርቷል።

አባዬ ካረፈ ሦስት ወር ሞላው። ለቀብሩ አልደረስኩም። አንተ አላነሳኸውም፤ አለማንሳትህን ልብ ብያለሁ።

የምጽፍልህ ስለ ስለቱ ነው። ልጅ ሳለሁ ታምሜ እንደነበር ታውቃለህ። ያ ነገር ከላዬ ከወጣ አባዬ ለቤተ ክርስቲያን የሚካኤልን ሥዕል ሊሰጥ ቃል ገብቶ ነበር። ነገሩ ወጣ። ሥዕሉ ግን ሳይሰጥ ኖረ፣ እሱም ሄደ። የማስታምማትን አሮጊት ፀጉር ሳበጥር ይህ ነገር ድንገት ይመጣብኛል። ማበጠሪያውን እንደያዝኩ እቆማለሁ።

ፉሪ የሚሠራው አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንድትስለው ለአንተ እንደተሰጠ ሰማሁ። አንዱን ሚካኤል በአባዬ ስም አድርግልኝ። ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከታች ተደፍቶ ይታይ የለ? እዚያ አባዬን አስተኛው። ፎቶው ይኸው። ያለኝ አንድ እሱ ብቻ ነው። ብስራተ ገብርኤል በነበረው ሠርግ ላይ በጎን የተነሣ ነው፤ ከፎቶው ውጭ ያለ ሰው እያየ። ለሰኔ ሚካኤል ይድረስልኝ። የድካምህን በሰው እልካለሁ።

እኔ የማስታውሰው ጥቂት ነው። የአባዬን መቋሚያ። እግሬ ላይ የነበረ ክብደት። ከዚያ ደህና ሆንኩ። እንደዳንኩ የነገረኝ ራሱ ነው።

እህትህ ኤሌኒ

---

ፉሪ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኤሌኒ፣

አምላክ አንቺንም ቤቴልንም በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሰውርልኝ። እኛ ደህና ነን። በወረቀት ጽፌ ወረቀቱን በስልክ አንስቼ መላኬ ለልጆቹ መሳቂያ ሆኗል። በስልክ ማውራት ግን አይሆንልኝም። ድምፅሽን ስሰማ ልናገር ያሰብኩት ይጠፋኛል።

ፎቶው ደርሶኛል። ትንሽ አስቸግሮኛል፤ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። በእኛ ሥርዓት ጻድቅ ፊት ለፊት ይሳላል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ከሃዲና ገዳይ፣ ጋኔንም፣ በጎን ነው የሚሳሉት፤ አንድ ዓይን ብቻ። መሪጌታ አስተማሪዬ፣ "ክፉ ሰው ግማሹን ነው የሚያሳይህ፤ በሌላው ዓይን ምን እንደሚያይ አታውቅም" ይሉ ነበር። ጋሼን በፎቶው እንዳሉ ብስላቸው ሕዝቡ ከማን ጋር እንደሚመድባቸው ታውቂያለሽ። ስለዚህ ሁለተኛውን ዓይን ከራሴ ማምጣት አለብኝ። በአንድ ቤት አብረን ኖረናል፤ ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። ዓይኔን ጨፍኜ ፊታቸውን ስፈልግ ግን የሚመጣልኝ ጀርባቸው ነው።

አትጨነቂ። ይመጣል።

ኤልያቄም፣ ጎረቤታችን፣ ከጀሞ ፉሪ ታክሲ የሚነዳው፣ እሱ የጸሎት ቤት ሰው ነው። በየጠዋቱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ "ወንድም አምሐ፣ ለዛሬስ ቀንድ ገጠምክለት?" ይለኛል። "እኛ እዚያ እያባረርነው አንተ እዚህ ቤት ትሠራለታለህ።" ወያላው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

አምሐ

---

ቦሎኛ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአምሐ፣

ከብርዱ አገር የሞቀ ሰላምታ። ለገና ያሰብኩላችሁን ትንሽ ነገር የሚያመጣላችሁ ሰው በሳምንቱ ይነሣል።

የቤተ ክርስቲያኑን የቴሌግራም ገጽ ቤቴል አገኘችልኝና ሥዕሎችህን አንድ በአንድ አየን። እጅህን ይባርከው። ቤቴል ግን አንድ ነገር አየች፤ እኔ አላየሁትም ነበር። "እማ፣ የእሱ ሰይጣኖች እግር የላቸውም።" እውነቷን ነው። ጊዮርጊስ ሥር ያለውም፣ በሲኦሉ ያሉትም፣ ከጉልበታቸው በታች እሳት ነው። ምንድነው እሱ? ሥርዓት ነው?

እዚህ ሰይጣን ሌላ ነው። የድሮዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ሆዱ ተነፍቶ ሰው ይውጣል። ከውጭ ግን ቀይ ሆኖ የመጠጥ ጠርሙስ ላይ ይስቃል፤ የበርበሬ ማሰሮ ላይም፤ የልጆች ካልሲ ላይም። የቤቴል ስልክ ውስጥ ሐምራዊ ፊት አለ፤ ሁለት ቀንድ፣ ሁለት ዓይን፣ ፈገግታ። ጓደኞቿ ላይ ስትቀልድ እሱን ትልክላቸዋለች።

አሁን ለካርኒቫል፣ ሰው ሁሉ መልኩን ለውጦ አደባባይ ለሚወጣበት በዓል፣ ሰይጣን ልሁን እያለች ነው። ቀንዱን በራሷ ገንዘብ ገዝታለች። እምቢ አልኳት። "ለምን? ንገሪኝ እንጂ" አለችኝ። ሳህኑን ማጠብ ጀመርኩ።

የአባዬ ዓይን መጣልህ?

ኤሌኒ

---

ፉሪ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኤሌኒ፣

ሚካኤል በክንፉ ይጋርዳችሁ። የላክሽው ደርሷል፤ ዝማሬ ሹራቡን ለብሳ አላወልቅም ብላለች።

የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው። በሥራ ብዛት ነው ልበል።

ስለ እግሩ፦ ሥርዓት አይደለም። የእጄ ልማድ ነው። እሳት መሳል ይቀለኛል። የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሮበሌም በቀደም መሰላሉ ሥር ቆሞ ሲያየኝ ዋለና፣ "አምሐ፣ ይኼ ሰውዬ ምን ላይ ቆሞ ነው ያን ሁሉ ዘመን ያሳሳተን?" አለኝ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ነገሩ ግን አልተዋጠለትም። "የሚካኤሉን ሰይጣን በእግሩ አድርግልን" ብሎኛል።

ባለፈው እሑድ ኤልያቄም ቤት ቡና ጠጡ ተብለን ሄድን። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። አንዲት ልጅ መድረክ ላይ ወድቃለች፤ አፏ ላይ ማይክ ተደግኗል። "ስምህ ማነው?" ይላታል አገልጋዩ። እሷ በወፍራም ድምፅ ትመልሳለች፤ ስሙን፣ የት እንደያዛት፣ ከማን ጋር እንደመጣ። ኤልያቄም ቀልድ ያበዛል፤ ያን ጊዜ ግን አልቀለደም። ሁሉም አፏን ያያል። እኔ የማየው የልጅቱን ጫማ ነበር። አንድ ጫማዋ ወልቋል። ሰይጣኑን ይህን ሁሉ ሲጠይቁት እሷን ማንም ምንም አልጠየቃትም። ስኒውን አስቀምጬ ወጣሁ። ዝማሬ ተቆጣች፤ ሰው ቤት ቡና ጥሎ መውጣት ምን ይባላል ብላ።

ኤሌኒ፣ ያኔ የታመምሽውን ምን ያህል ታስታውሻለሽ? እንዲሁ ነው የምጠይቅሽ።

አምሐ

---

ቦሎኛ፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

አምሐ፣

ለሁላችሁም ጤና እመኛለሁ። ሌላ ሰላምታ አሁን አልተገኘልኝም።

ቤቴል ወደቀች። እሑድ ዕለት፣ በካርኒቫሉ፣ መንገድ መሐል። በመጨረሻ እሺ ብያት ነበር። ቀይ ቀንድ አድርጋለች፤ ጓደኞቿ ከበዋታል። ድንገት እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በከረጢት የያዘችው ባለቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት ተበተነ። ከዚያ ወደቀች፤ ዓይኗ ተገለበጠ። ቀንዱ ከራሷ ወልቆ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ። ሰዎቹ የጨዋታው ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ።

እኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ? ሌላ ለማን እነግራለሁ። ወደ ኋላ ሄድኩ። በስመ አብ አልኩ። ቀንዱን አንስቼ ወረወርኩት። ከዚያ እጄን አነሣሁ፤ ልመታት። ልጄን፣ ወድቃ ሳለች። አንዲት የማላውቃት ሴት ገፋ አድርጋኝ ገባች፣ ካፖርቷን አጥፋ ከቤቴል ራስ ሥር አኖረች፣ ሰዓቷን ማየት ጀመረች። እጄ እንደተነሣ ነበር።

የሚጥል በሽታ ነው ብለዋል። ሐኪሟ የዋህ ሴት ናት። በእናቷ ወገን አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በልጅነቴ ታምሜ ነበር አልኩ። ምን ነበር? እንዴት ይጀምር ነበር? የትኛው እጅ? ለምን ያህል ጊዜ? ከመጀመሪያው በፊት ራስሽን ተመትተሽ ነበር ወይስ በኋላ? በስንት ዓመትሽ ተወሽ? መድኃኒቱን የምትመርጠው፣ ወደፊት ምን እንደሚሆን የምትገምተው በዚህ ነው። እኔ የማውቀው "ሰይጣን ነበረባት፤ አባቷ አስወጣላት" የሚለውን ብቻ ነው። ይህን በጣልያንኛ መናገር ጀመርኩና መሐል ላይ አቆምኩ።

እማዬ የለችም። አባዬ የለም። በዚያ ቤት ከነበረ ሰው የቀረኸኝ አንተ ነህ። ሥዕሉ ይቆይ። ያየኸውን ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

ኤሌኒ

---

ቦሎኛ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አምሐ፣

አንብበኸዋል። ስልኬ ላይ ሁለቱ ምልክቶች ይታዩኛል፤ የካቲት 28፣ ማታ አንድ ሰዓት ከሃያ። ሦስት ሳምንት ሆነ።

ቤቴል ትናንት ትምህርት ቤት ደግማ ወደቀች። ሐኪሟ እየጠበቀች ነው። እኔ ሰይጣንን አልፈራም፤ እሱን ስፈራ ነው ያደግሁት፤ ለምጄዋለሁ። አሁን የምፈራው ዝምታህን ነው።

ኤ.

---

ፉሪ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤሌኒ፣

ሕማማት ስለሆነ ሰላምታ አይሰጥም። ይሻላል። በዚህ ደብዳቤ ላይ ሰላምታ አይቆምም ነበር።

መጀመሪያ ለሐኪሟ። ይህን እንዳለ ተርጉሚላት።

የመጀመሪያው በ1982 ግንቦት ነው። ዐሥራ አንድ ዓመትሽ፣ እኔ ዐሥራ አምስት። ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ወንዙን እንደተሻገርን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች። ከዚያ በፊት ማንም አልመታሽም፤ ከየትም አልወደቅሽም። ቀኝ እጅሽ ቀደመ። እርሳስ ይዘሽ ነበር፤ እርሳሱ ወደቀ። ራስሽ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ከዚያ መላ ሰውነትሽ። አረፋ ነበር። አንድ ሰው ቀስ ብሎ መቶ እስኪቆጥር ያህል ቆየ። ከዚያ ተኛሽ፤ ስትነቂ ምንም አታስታውሽም ነበር። ከዚያ በኋላ ያየሁት አምስት ጊዜ ነው፤ ሁልጊዜ ቀኝ እጅ ይቀድማል። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላሽ ተወሽ። ጋሼ ታክቷቸው ማስወጣቱን ከተዉ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። ማንም አላስወጣውም። በራሱ ሄደ።

እዚህ ድረስ ለሐኪሟ ነው። የቀረው ላንቺ።

ያን ቀን ባለእርሻዋ ጎረቤታችን አደ ገዲሴ ከወንዙ ማዶ ሣር ያጭዱ ነበር። ሲያዩሽ መጥተው ሻሻቸውን ፈትተው ከራስሽ ሥር አደረጉ። "ተዋት ልጄ፣ ራሷ ትነሣለች። ሂድ ውሃ አምጣ" አሉኝ። እኔ ቆሜ ፊትሽን አያለሁ። መሪጌታ ዘንድ ቀለም መፍጨት ከጀመርኩ ዓመቴ ነበር፤ የጋኔን ፊት አሳሳልን የተማርኩት በዚያው ወር ነው። አንድ ጉንጭሽ አፈር ላይ ነው። የሚታየኝ አንድ ዓይን ብቻ፤ ነጭ ብቻ። በጎን። ቀትር፣ ወንዝ ዳር። የተማርኩትን ነው ያየሁት። አንቺን አላየሁም።

ውሃ አላመጣሁም። ሮጥኩ።

ጋሼ አጥር እየጠገኑ ነበር። "ጋሼ፣ ኤሌኒን ሰይጣን ይዟታል" አልኳቸው። መዶሻውን አልጣሉም። ረጋ ብለው፣ "ወድቃ ነው?" አሉኝ። "አይደለም" አልኩ። "ፀሐይ መቷት ይሆናላ። ጤና ጣቢያ እንውሰዳት" አሉ። "አይደለም፣ ጋሼ። ፊቱን አይቼዋለሁ። አንድ ዓይን ነው ያለው። እኔ አውቀዋለሁ" አልኩ። እኔ አውቀዋለሁ። ኩራት ነበረኝ፣ ኤሌኒ። በዚያ ቤት የማውቀው የመጀመሪያው ነገር ነበር። መዶሻው ያን ጊዜ ነው ከእጃቸው የወደቀው።

በመጀመሪያው ጊዜ ሦስት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በጓዳው ውስጥ። ጋሼ በመቋሚያው። ግራ ጆሮሽ ከተወለድሽ ጀምሮ አይሰማም ብለው የነገሩሽ ልክ አይደለም፤ ከሁለተኛው ቀን ወዲህ ነው። እግርሽ ላይ የነበረው ክብደት እኔ ነኝ። አንቺን የያዝኩ አልመሰለኝም፤ እሱን የያዝኩ ነው የመሰለኝ። በሦስተኛው ቀን፣ "አምሐዬ፣ ጫማዬ ወልቋል" አልሽኝ። በራስሽ ድምፅ። ድምፅሽን አውቄዋለሁ። ተንኮሉ ነው ብዬ አጥብቄ ያዝኩ።

ለቤቴል እግር ለምን እንደማልስል አሁን መንገር ትችያለሽ። ወይም አትንገሪያት።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ አደ ገዲሴ ዘንድ ሄድኩ። እርሻቸው ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ እሳቸው ከጀርባው በቀረው ቦታ ላም አስረው ወተት ይሸጣሉ። ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እንዳልተሳሳትኩ ለማወቅ ብዬ ነው፤ ተሳስቼ ቢሆን ብዬም ነው። ቀና ብለው አዩኝና፣ "እኔ ውሃ አምጣ አልኩህ" አሉ። "አንተ ሰይጣን አመጣህ።" ወተቱን መለካታቸውን ቀጠሉ። "ልጅቷ ደህና ናት?" አሉኝ ቆይተው። ልጅ ወልዳለች አልኩ። "ሻሼን ሳትመልሱልኝ ቀራችሁ" አሉ።

ይህን ሁሉ ወር የጋሼ ሁለተኛ ዓይን ያልመጣልኝ ለምን እንደሆነ አውቄያለሁ። ፊታቸውን ፊት ለፊት ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፣ አጥሩ ሥር፣ "ወድቃ ነው?" ሲሉኝ። ሁለቱም ዓይኖች ነበሩ። ይጠይቁኝ ነበር።

አምሐ

---

ቦሎኛ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አምሐ፣

ፋሲካን አሳልፌ ልጽፍልህ አስቤ ነበር። አልቻልኩም። ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ብልክልህ ኖሮ ሥዕልህን ትተህ ከፉሪ ትሰደድ ነበር።

ለሐኪሟ የጻፍከውን ተርጉሜ ሰጠኋት። ደጋግማ አነበበችው። "ይህ ሰው በደንብ ያያል" አለችኝ። ሳቅኩ፤ ለምን እንደሳቅኩ አልገባትም። የቤቴልም ቀኝ እጇ ነው የሚቀድመው። መድኃኒቱን ቀየረችላት። እንደ እናቷ በራሱ ሊተዋት ይችላል አለች፤ "ይችላል" ነው ያለችው፤ ቃል አልገባችም። ይኸው ሦስት ሳምንት አልወደቀችም።

ቤቴል ቀንዶቼን የት አደረግሽ ብላ ጠየቀችኝ። ሌላ ገዛሁላት። አድርጋው ቁርስ በላች። አየኋት፤ ፊት ለፊት። ልጄ ናት፤ ቀንድ አድርጋ ዳቦ ትበላለች።

በግራዬ ሲያናግሩኝ ዞሬ ነው የምሰማው። ዕድሜዬን ሙሉ። አሁን በዞርኩ ቁጥር ጓዳው ይመጣል። ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም። አሁን አትጠብቀኝ። ጫማዬን ግን አስታወስኩት፤ ጥቁር ነበር፤ ማሰሪያው የተበጠሰ።

ስለ ሥዕሉ፦ አባዬን ተወው። ሁለተኛ ዓይን አትፍጠርለት። ያላስወጣው ነገር ስለት የለውም። በእሱ ቦታ እኔን ሳለኝ። ዐሥራ አንድ ዓመቴ። ልክ በወደቅሁበት፣ በጎኔ፤ ፊቴን ግን ወደ ሰው አዙረው። ሁለቱንም ዓይኖች። እግሮቼንም። እሳት አታልብሳቸው።

አደ ገዲሴ ሻሽ ይድረሳቸው። በሰው ልኬያለሁ።

ኤሌኒ

---

ፉሪ፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኤሌኒ፣

ሰላምታዬን በደጅ አቁሜዋለሁ። ግባ ስትይው ይገባል።

ነገ ሚካኤል ነው። ሥዕሉ ዛሬ አለቀ። ሰይጣኑ ከሚካኤል እግር ሥር ነው፣ በጎኑ፣ ባለ አንድ ዓይን፤ እሱን እንደ ሥርዓቱ ተውኩት፤ አሁንም እግር የለውም። አንቺ ከሱ ራቅ ብለሽ በግራ በኩል ነሽ። ከራስሽ ሥር የታጠፈ ሻሽ አለ። ከእጅሽ አጠገብ እርሳስ። ዓይኖችሽን በአንድ ቀን ጨረስኳቸው። እግሮችሽ ዐሥራ አንድ ቀን ፈጁብኝ። አንዱ ጫማ ወልቋል። የያዛቸው የለም።

ሻሹን ለአደ ገዲሴ ወስጄላቸዋለሁ። ጫፉን በጣታቸው አሽተው፣ "የኔው ይሻል ነበር" አሉ። አሰሩት ግን።

አቶ ሮበሌ ከኮሚቴው ጋር ሊያይ መጣ። ኤልያቄምም ታክሲውን አቁሞ ተከትሏቸው ገባ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ የመጀመሪያው ነው፤ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆመ። አቶ ሮበሌ ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች አየው።

"ሥዕል ያሠራ ሰው በግንባሩ ነው የሚደፋው" አለኝ በመጨረሻ። "ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው በጎኗ ተኝታ የምታየን? ሰይጣኑ ነው የጣላት?"

ኤልያቄም ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መልሴ ሠላሳ አምስት ዓመት ዘግይቷል።

"አይደለም" አልኩ። "ወድቃ ነው።"

አምሐ